ደም፣ አጥንትና ጉዝጓዝ፤ የእንስሳት ተረፈ ምርት ለሚያመሰኩ ከብቶች መኖ ይሆናልን?

የዘንገና ሐይቅ በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን፣ ከእንጅባራ ከተማ ብዙም ሳይርቅ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና አጠገብ የሚገኝ፣ በጥንታዊ የእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው። አካባቢው ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውና ዝናቡም የበዛ በመሆኑ በክረምትና በመጸው ወራት ለዓይን የሚማርክ ልምላሜ ይታይበታል። ይሁንና ይህ ልምላሜ ዓመቱን ሙሉ አይዘልቅም። በጋው ሲገፋ ሣሩ ይደርቃል፤ ከብቱም የሚጠብቀው በጓሮ የተከመረውን የገብስ፣ የጤፍ፣ የስንዴና የዳጉሳ ገለባ ነው። በተለይም በፋግታ ለኮማ ወረዳና በአዋሳኝ ቀበሌዎች በርካታ ገበሬዎች ማሳቸውን ለከሰል በሚውለው ዲከረንስ በተባለው የግራር ዝርያ ካለበሱት ወዲህ፣ ለግጦሽ የሚተርፈው መሬት እየጠበበ ሄዷል።

በሌላ ወገን ደግሞ በየከተማው ቄራ ሰንጋ በታረደ ቁጥር ደሙ ወደ ቦይ ይፈሳል፤ አጥንቱ በየሜዳው ይጣላል። ፕሮቲን ያጣች ላም እዚህ፣ ፕሮቲን የሚደፋበት ቄራ እዚያ! ታዲያ ይህ ሀብት ተሰብስቦና ተዘጋጅቶ ለከብቱ መኖ ቢሆንስ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን የላሚቱን ጨጓራ አሠራር፣ የፕሮቲንን ጠባይ፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. ከ1986 ወዲህ ዓለም በከባድ ኪሣራ የተማረውን ትምህርት ማወቅን ይጠይቃል። በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ነጥቦች በየተራ እንመለከታለን።

የላሚቱ እንግዶች

ከብት፣ በግና ፍየል የሚያመሰኩ እንስሳት ናቸው። ጨጓራቸው በአራት ክፍሎች የተከፈለ ሲሆን፣ ትልቁና የመጀመሪያው ክፍል ሩመን ይባላል። ሩመን አየር የማይገባበት፣ ሙቀቱ 39 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሆነ፣ ቁጥር ሥፍር የሌላቸው ረቂቅ ተሕዋስያን የሚኖሩበት የመፍላት ጋን ነው ማለት ይቻላል። ላሚቱ ራሷ የገለባን ሴሉሎስ የሚያፈርስ ኢንዛይም የላትም፤ ሥራውን የሚሠሩላት እነዚህ እንግዶች ናቸው። እነርሱ ሴሉሎሱን አፍልተው ለላሚቱ ጉልበት የሚሰጡ አሲዶችን ይለቃሉ፤ በመጨረሻም ራሳቸው ከምግቡ ጋር ወደ አራተኛው ጨጓራና ወደ ትንሹ አንጀት ወርደው ይፈጫሉ። ስለዚህ ላሚቱ የምታገኘው አብዛኛው ፕሮቲን የእነዚሁ የረቂቅ ተሕዋስያን አካል ነው።

ከዚህ ሁለት አስፈላጊ ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ረቂቅ ተሕዋስያኑ አካላቸውን ለመገንባት ናይትሮጅን ያስፈልጋቸዋል። ናይትሮጅኑ ከውድ ፕሮቲን ይምጣ ከተራ አሞኒያ ለአብዛኞቹ ብዙ ልዩነት የለውም። በመኖ ውስጥ ያለው ድፍድፍ ፕሮቲን ከ7 በመቶ ገደማ ሲያንስ ግን ይራባሉ። የእህል ገለባ ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ከ3 እስከ 5 በመቶ ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት ገለባው ሳይፈርስ በሩመን ውስጥ ይቆያል፤ ላሚቱም ሆዷ ሞልቶ ሳለ ትከሳለች።

ሁለተኛ፣ ወደ ሩመን የገባ ጥሩ ፕሮቲን በአብዛኛው እዚያው ተበታትኖ ወደ አሞኒያነት ይለወጣል። ከዚህ ዕጣ አምልጦ እስከ ትንሹ አንጀት የሚደርሰው ፕሮቲን «አላፊ ፕሮቲን» ሊባል ይችላል። ስለሆነም ለሚያመሰኩ እንስሳት መኖ ስንመርጥ «ስንት ፕሮቲን አለው?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ «ፕሮቲኑ የሚፈርሰው የት ነው?» የሚለው ጥያቄ መጨመር አለበት።

ደም

250 ኪሎ ግራም ከሚመዝን አንድ በሬ እስከ 10 ኪሎ ግራም የሚደርስ ደም መሰብሰብ ይቻላል። የደም አራት አምስተኛው ገደማ ውኃ ሲሆን፣ 18 በመቶ የሚሆነው ፕሮቲን ነው። እንግዲህ ከአንድ በሬ 1.8 ኪሎ ግራም ያህል ፕሮቲን ወደ ቦይ ይፈሳል ማለት ነው። 30 በመቶ ፕሮቲን ካለው የኑግ ፋጉሎ ይህንኑ መጠን ለማግኘት 6 ኪሎ ግራም መግዛት ያስፈልጋል። ሲደርቅ የደም ዱቄት 80 በመቶና ከዚያ በላይ ፕሮቲን ይይዛል። ላይሲን በተባለው አሚኖ አሲድ የበለጸገ ሲሆን፣ አይሶሉሲን በተባለው ግን ድኃ ነው።

የደምን የመኖ ዋጋ የሚወስነው አዘገጃጀቱ ነው። በቀላሉ በሚገኝ መሣሪያ የሚሠራበት አንዱ መንገድ ደሙ ትኩስ ሳለ አፍልቶ ማርጋት፣ ውኃውን መጭመቅ፣ ከዚያም በስሱ አስጥቶ ማድረቅ ነው። ሌላው ደግሞ ደሙን በፉርሽካ አስመጥጦ፣ እያገላበጡ ማድረቅ ነው። በኢንዱስትሪ ደረጃ የሚደርቀው ደም እሳቱ ከበዛበት ግን ላይሲኑ ከሌሎች ንጥረ ነገሮች ጋር ተጣብቆ ለእንስሳው የማይደርስ ይሆናል። ጥቁርና የተቃጠለ ሽታ ያለው የደም ዱቄት በላቦራቶሪ ሲለካ ናይትሮጅኑ ሙሉ ሆኖ ይታያል፤ በአንጀት ውስጥ ግን ጥቅሙ ትንሽ ነው። የኬሚካል ትንተና ብቻውን የመኖን ዋጋ እንደማይናገር የሚያስረዳ ጥሩ ምሳሌ ነው።

እዚህ ላይ ከፍ ብሎ ያነሣነው ጥያቄ ይመለሳል። የደም ዱቄት ፕሮቲን በአብዛኛው አላፊ ነው፤ በሩመን ውስጥ የሚፈርሰው አንድ አምስተኛው ገደማ ብቻ ነው። ይህ ጠባይ ብዙ ወተት ለምትሰጥ፣ ሩመኗ አስቀድሞ በቂ ናይትሮጅን ላገኘ ድቅል ላም ይስማማል። በገለባ ብቻ ለምትኖር የአካባቢ ላም ግን ቀዳሚው ችግር የረቂቅ ተሕዋስያኑ ረሃብ ስለሆነ፣ ሳይፈርስ የሚያልፍ ፕሮቲን ይህን ረሃብ አያስታግስም። ውዱ መኖ ለችግሩ የማይመጥን መድኃኒት ይሆናል።

የዶሮ ላባም ተመሳሳይ ትምህርት አለው። ላባ ከ80 በመቶ በላይ ፕሮቲን ነው፤ ነገር ግን ፕሮቲኑ ኬራቲን ሲሆን፣ ሰንሰለቶቹ በድኝ ድልድዮች እርስ በርሳቸው ተሰፍተዋል። ጥሬ ላባ የበላ እንስሳ እንዳለ ያስወጣዋል። በከፍተኛ ግፊትና በእንፋሎት ሲቀቀል ግን ድልድዮቹ ይሰበሩና የመፈጨት አቅሙ 70 በመቶና ከዚያ በላይ ይደርሳል። የተረፈ ምርትን የመኖ ዋጋ ማሻሻል ማለት ብዙውን ጊዜ አዲስ ነገር መጨመር ሳይሆን፣ ያለውን ነገር ኢንዛይም ሊደርስበት በሚችል መልክ መፍታት ነው።

አጥንት

የአዊ ደጋማ አፈር አሲዳማነት የታወቀ ነው። ብርቱ ዝናብ ካልሲየሙን አጥቦ ይወስዳል፤ የሚቀሩት ብረትና አሉሚኒየም ደግሞ ፎስፈረሱን አጥብቀው ይይዙታል። በእንዲህ ያለ አፈር ላይ የሚበቅል ሣር የፎስፈረስ ድህነት ቢታይበት አያስደንቅም፤ ገለባ ደግሞ በተፈጥሮው ፎስፈረስ ያንሰዋል። ፎስፈረስ የጎደላት ላም እድገቷ ይገታል፤ ቶሎ አትጸንስም፤ በሜዳ ያገኘችውንም አጥንት ታኝካለች። ገበሬው ይህን ጠባይ ያውቀዋል።

የዚህን ጠባይ ምሥጢር የፈታው በደቡብ አፍሪካ የሠራው የእንስሳት ሐኪም አርኖልድ ታይለር ነው። በዚያ አገር ብዙ ከብት ሽባ እያደረገ የሚገድል በሽታ ነበር። ታይለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. ከ1919 ጀምሮ ባካሄዱት ምርምር የነገሩን ሰንሰለት ተራ በተራ ገለጡት፦ አፈሩ ፎስፈረስ የለውም፤ ስለዚህ ሣሩ የለውም፤ ስለዚህ ከብቱ የሞተ እንስሳ አጥንት ያኝካል፤ በበሰበሰው አጥንት ላይ ያለው የቦቱሊዝም መርዝ ደግሞ ይገድለዋል። ከብቶቹ ንጹሕ የአጥንት ዱቄት ሲሰጣቸው አጥንት ማኘካቸውን ተዉ፤ ሞቱም ቀነሰ፤ ክብደታቸውም ጨመረ። መርዙም መድኃኒቱም አጥንት ነበር፤ ልዩነቱን ያመጣው አዘገጃጀቱ ነው።

በእኛ አገር የአጥንት ዝግጅት ከሁሉ በፊት መጠንቀቅ ያለበት ከአባ ሰንጋ ነው። የአባ ሰንጋ ባክቴሪያ ስፖር የተባለ ጠንካራ ልባስ ለብሶ በአፈርና በአጥንት ላይ ለብዙ ዓመታት ይቆያል። በዘንገና አካባቢ ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ91 ወይም በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ መሆኑን የፊዚክስ ተማሪ በቀላሉ ያሰላዋል። ስፖሩን በእርግጠኝነት ለመግደል ግን 121 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሚደርስ፣ በግፊት የታመቀ እንፋሎት ያስፈልጋል። ስለዚህ በክፍት ድስት የተቀቀለ አጥንት ንጹሕ መስሎ ይታይ እንጂ አስተማማኝ አይደለም።

ግፊት ያለው ማብሰያ በሌለበት የሚሻለው መንገድ እሳት ነው። አጥንቱ ነጭ ሆኖ በእጅ እስኪፈረፈር ድረስ በደንብ ሲቃጠል ሥጋው፣ መቅኔውና ፕሮቲኑ ሁሉ ይጠፋል፤ የሚቀረው የካልሲየምና የፎስፈረስ አመድ ነው። በዚህ አመድ ውስጥ የካልሲየሙ ክብደት የፎስፈረሱን እጥፍ ገደማ ሲሆን፣ ይህም ለከብት የሚስማማ መጠን ነው። አመዱ ተፈጭቶ ከጨው ጋር እኩል በእኩል ተደባልቆ ዝናብ በማያገኘው ገንዳ ሊቀርብ ይችላል። ጨው ከብቱን ስለሚስብና ከመጠን በላይም እንዳይልስ ስለሚገታው ሁለት ሥራ ይሠራል። አጥንቱ መምጣት ያለበት ግን በቄራ ተመርምሮ ከታረደ ጤነኛ እንስሳ ብቻ ነው። በድንገት የሞተ ከብት አጥንት ከቶ አይሰበሰብም፤ በአባ ሰንጋ የተጠረጠረ በድን መከፈትም የለበትም።

ከ1986 ወዲህ የተገኘው ትምህርት

አንባቢ ሆይ፣ እስካሁን ያየነው ሁሉ የአዘገጃጀት ጉዳይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 በብሪታንያ የታወቀው በሽታ ግን በአዘገጃጀት ብቻ የማይፈታ ጥያቄ አስነሣ። ከብቶቹ ይንቀጠቀጡ፣ ይደነብሩ፣ በመጨረሻም ይወድቁ ጀመር። ሲመረመር አንጎላቸው እንደ ስፖንጅ ተበሳስቶ ተገኘ። በሕዝብ ዘንድ «የእብድ ላም በሽታ» የተባለው ይህ ነው። ጥናቱ ወደ አንድ ምክንያት አመለከተ፦ ከታረዱ ከብቶችና በጎች የተሠራ የሥጋና የአጥንት ዱቄት መልሶ ለከብት ይሰጥ ነበር። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1988 ከሚያመሰኩ እንስሳት የተገኘ ፕሮቲን ለሚያመሰኩ እንስሳት እንዳይሰጥ አገደች። ይሁን እንጂ ከ180,000 በላይ ከብቶች መታመማቸው ተረጋግጧል። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ በሽታው ወደ ሰው ሳይተላለፍ እንዳልቀረ ተገለጸ፤ በብሪታንያ ብቻ 178 ሰዎች ሞተዋል።

የበሽታው አምጪ ባክቴሪያም ቫይረስም አይደለም። ስታንሊ ፕሩሲነር የተባለው አሜሪካዊ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1982 «ፕሪዮን» ብሎ የሰየመው፣ አጣጣፉ የተበላሸ ፕሮቲን ነው። ጤነኛውን ፕሮቲን ሲያገኘው እንደ ራሱ አድርጎ ያጣጥፈዋል፤ ሰንሰለቱም ይቀጥላል። ፕሩሲነር በዚህ ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ1997 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ፕሪዮን ተራ ማፍላት አይገድለውም፤ አውሮፓ ለተረፈ ምርት የደነገገችው 133 ዲግሪ፣ 3 ባር ግፊትና 20 ደቂቃ እንኳ ኃይሉን በእጅጉ ይቀንሰዋል እንጂ ፈጽሞ ያጠፋዋል ማለት አይቻልም።

«ይህ የአውሮፓ ጣጣ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ሁለት መልስ አለ። አንደኛ፣ በዕድሜ በገፉ ከብቶች ላይ ከመኖ ጋር ግልጽ ግንኙነት ሳይኖረው አልፎ አልፎ ብቅ የሚል የዚህ በሽታ ዓይነት መኖሩ ታውቋል፤ ስለዚህ ማንኛውም አገር ነፃ ነኝ ብሎ ሊዘናጋ አይችልም። ሁለተኛ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በአልጄሪያ ቄራ በቀረቡ ግመሎች ላይ የፕሪዮን በሽታ መገኘቱ በሳይንስ መጽሔት ወጥቷል። አንድ የታመመ እንስሳ ብቻውን ቢሞት ነገሩ በዚያው ያከትማል፤ ተፈጭቶ ለመንጋ ሲሰጥ ግን ወረርሽኝ ይሆናል። ስለሆነም ከሚያመሰኩ እንስሳት የተገኘ የሥጋና የአጥንት ዱቄት ለሚያመሰኩ እንስሳት አለመስጠት የጥንቃቄ ሁሉ መሠረት ነው። የደም ዱቄትን በተመለከተ አገሮች የተለያየ ሕግ አላቸው፤ በአሜሪካ ሲፈቀድ በአውሮፓ ተከልክሏል። ጥንቃቄ የመረጠ ሰው ግን የከብት ደምን ለከብት አይሰጥም።

ጉዝጓዝ

ብዙ የአፍሪካና የእስያ ተመራማሪዎች ትኩረት የሰጡት ሌላ ተረፈ ምርት የዶሮ ጉዝጓዝ ነው፤ ይኸውም ከዶሮ ቤት የሚወጣው ሰጋቱራ ወይም ገለባ ከነኩሱ ነው። ድፍድፍ ፕሮቲኑ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 በመቶ ይደርሳል፤ የዚህም ግማሽ ያህሉ እውነተኛ ፕሮቲን ሳይሆን ዩሪክ አሲድና መሰል የናይትሮጅን ውሕዶች ነው። ለዶሮም ለሰውም የማይረባው ይህ ናይትሮጅን ለሩመን ረቂቅ ተሕዋስያን ግን ጥሩ ቀለብ ነው። ዩሪክ አሲድ አሞኒያውን ቀስ ብሎ ስለሚለቅ ከዩሪያ የተሻለ ጠባይ አለው። ጉዝጓዙ ርጥበቱ ተመጥኖ፣ ተከምሮና በላስቲክ ተሸፍኖ ለጥቂት ሳምንታት ሲቆይ ከ55 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ ሙቀቱም በርካታ ጎጂ ተሕዋስያንን ይገድላል።

ሆኖም ሦስት አደጋዎች አሉት። የሞተ ዶሮ የተቀላቀለበት ጉዝጓዝ የቦቱሊዝም ምንጭ ነው። የመዳብ መጠኑ ከፍ ካለ በግን ይመርዛል። ለዶሮ የሚሰጡ አንዳንድ የኮክሲዲያ መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ ሞኔንሲን፣ ፈረስን በትንሽ መጠን ይገድላሉ። ፈረስ አያመሰኳም፤ ሩመንም የለውም። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል በሚከበርበት፣ ፈረስና ላም በአንድ በረት በሚያድሩበት በአዊ ምድር ይህ በተለይ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው አደጋ ግን ስውር ነው። የቄራውን ደምና የሥጋ ዱቄት ለዶሮ እንስጥ፣ የዶሮውን ጉዝጓዝ ደግሞ ለላም እንስጥ ብንል፣ ሁለቱም ለየብቻቸው ብልህ ምክር ይመስላሉ። ዶሮ ስትበላ ግን መኖ ታፈሳለች፤ የፈሰሰው የከብት ፕሮቲን ከጉዝጓዙ ጋር ተሰብስቦ ወደ ላሚቱ ገንዳ ይመለሳል። በበር ያስወጣነው በመስኮት ገባ ማለት ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2004 ጉዝጓዝን ከከብት መኖ ለማገድ ሐሳብ ያቀረበው በዚሁ ምክንያት ነበር፤ ሐሳቡ ግን ኋላ ቀርቷል። ስለዚህ ምርጫው አንድ ነው፦ የቄራ ፕሮቲን የሚበሉ ዶሮዎች ጉዝጓዝ ወደ ማሳ ይሄዳል እንጂ ወደ ላም አይመለስም።

ታዲያ ላሚቱ ምን ትብላ?

በገለባ ለሚኖር ከብት የመጀመሪያው እርምጃ ገለባውን ራሱን ማሻሻል ነው። 5 ኪሎ ግራም ዩሪያ በበቂ ውኃ ተሟሙቶ በ100 ኪሎ ግራም ገለባ ላይ ይረጫል፤ ከዚያም አየር እንዳያገኘው ተጠቅጥቆ ቢያንስ ለሦስት ሳምንት ይታፈናል፤ ብርድ በበዛበት በደጋው ደግሞ አራት ሳምንት ቢቆይ ይመረጣል። ዩሪያው ወደ አሞኒያ ተለውጦ የሊግኒንና የሴሉሎስን ቁርኝት ያላላል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ስለሆነ 5 ኪሎው 2.3 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን አለው፤ ይህም በ6.25 ሲባዛ ከ14.4 ኪሎ ግራም ድፍድፍ ፕሮቲን ጋር ይስተካከላል። ሁለት ሦስተኛው በንፋስ ቢባክን እንኳ 4.8 ኪሎ ግራም ይቀራል። 4 በመቶ የነበረው ገለባ ወደ 8 ወይም 9 በመቶ ይጠጋል፤ የረሃቡንም ድንበር ይሻገራል። ዩሪያን ሳያፍኑ በቀጥታ ማብላት ግን በአሞኒያ መመረዝ ከብቱን በአጭር ጊዜ ይገድለዋል።

ሩመኑ በዚህ መንገድ ከተነሣሣ በኋላ፣ ለምትታለብ ላም ጥቂት የኑግ ፋጉሎና ፉርሽካ፣ እንዲሁም በየቤቱ የሚገኘው የጠላና የአረቄ አተላ ይጨመርላታል። ከቄራው ደግሞ በደንብ የተቃጠለ የአጥንት አመድ ከጨው ጋር ይቀርብላታል። የቀረው የቄራ ደም በአግባቡ ተዘጋጅቶ ለዶሮ፣ ወይም ብስባሽ ሆኖ አሲዳማውን ማሳ ለማዳበር ሊውል ይችላል። ጥሬ ሳንባና ጉበት ለውሻ መጣል ግን መቅረት አለበት፤ በውሻ አማካይነት ወደ ሰው የሚተላለፈው የውኃ ከረጢት በሽታ የሚራባው በዚህ ዑደት ነው።

ይህ ርዕሰ ጉዳይ ለሳይንስ ተማሪ ሰፊ የሥራ መስክ ነው። የኬሚስትሪ ተማሪው በየቀበሌው ያለውን ሣር የፎስፈረስ መጠን ሊለካ፣ የባዮሎጂ ተማሪው በዩሪያ የታከመና ያልታከመ ገለባ በሩመን ውስጥ በስንት ሰዓት እንደሚፈርስ ሊያነጻጽር፣ የፊዚክስ ተማሪው ደግሞ በደጋ ከፍታ ላይ 121 ዲግሪ የሚደርስ፣ ለትንሽ ከተማ ቄራ የሚበቃ ማብሰያ ሊያስብ ይችላል። ከታረደው በሬ የሚቀረው ነገር ለቀጣዩ ዓመት ጥጃ ጥቅም ይሁን ወይም ጉዳት የሚወሰነው በእነዚህ ልኬቶች ነው።